አውራ ጣትና አንቀጽ 1728

ልጁ የሁለተኛ ዲግሪ የሕግ ተማሪ ነው። ለእረፍት ቢታ ገነት ሲመጣ አባቱ ከሣጥን የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። የብድር ውል ነው። ባለፈው ዓመት ነሐሴ፣ ቡናው ገና ሳይቀላ፣ ከአንድ ነጋዴ የተበደሩት ነው። ግማሹ ለእርሱ ትምህርት ወጥቷል። የሁለት ምስክሮች ፊርማ አለበት፤ ከታች የአባቱ አውራ ጣት። ማንበብ አይችሉም።

ቡናው አልያዘም። ነጋዴው ግን ገንዘቡን ጠይቋል።

ልጁ ክፍል ውስጥ ብዙ የተከራከረበት አንቀጽ ትዝ አለው። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በአንቀጽ 1728 ንዑስ አንቀጽ 3፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ይህን ጣት ያረጋገጠ ማንም የለም።

«አባዬ፣ ይህ ወረቀት አያስገድድዎትም።»

«ገንዘቡን እኮ ወስጃለሁ» አሉ አባት።

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይባላል። እዚህ ቤት የተወለደው ራሱ ነው ቃሉ ይጥፋ ያለው።

የሚገርመው፣ ሕጉም ዞሮ ወደ አባት ቃል ይመለሳል። በአንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው። ወረቀቱ ቢወድቅ ዳኛው የሚጠይቀው ሽማግሌውን ነው። እርሳቸው ደግሞ አይዋሹም። እንግዲህ ከክርክር በኋላ አንቀጽ 1728 የሚያድነው መካድ የሚችለውን ሰው ነው።

ይህን የሰማ ነጋዴም በሚቀጥለው ነሐሴ ፊደል ላልቆጠረ ገበሬ አያበድርም። ጥበቃው በር ይዘጋል።

አንቀጹ የተጻፈው ግን ለማምለጫ አይደለም፤ ሰውየው ጣቱን ከማሳረፉ በፊት የሚፈርመውን እንዲያውቅ ነው። ጥቅሙም ያኔ ነው፤ ለተበዳሪው ማወቂያ፣ ለአበዳሪው ዋስትና።

ልጁ በማግስቱ ነጋዴው ዘንድ ሄደ። ዕዳው በሁለት ምርት ዘመን እንዲከፈል ተስማሙና አዲሱን ውል ይዘው ዳኛ ፊት ቀረቡ። ወረቀቱ ተነበበ፤ በካፊኖኖም ተብራራላቸው። አባት አንድ ቦታ ላይ አስቁመው ጠየቁ። የመጀመሪያውን ወረቀት ሲፈርሙ ማንም እንዲጠይቁ ዕድል አልሰጣቸውም ነበር።

ከዚያ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ።