የአባ ሳሙኤል ውሃ ቀለም

ሠዓሊው ወዳጄ ደጅ ወጥቶ መሣል ይወዳል። «ፎቶግራፍ እያየ የሚሥል ሠዓሊ የምግብ ዝርዝር አንብቦ እንደ ጠገበ ሰው ነው» ይላል። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱትና ዛሬ ስማቸውን በያዘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። እኔ ግን እርሳስ የምይዘው ለወጉ ያህል ነው።

ባሕር የሌለን ሰዎች ነንና፣ የውሃ ዳር ሲያምረን የምንሄደው ወደ ሐይቅ ነው። ለእኔ ለቃሊቲው ነዋሪ የሚቀርበኝ ደግሞ አባ ሳሙኤል ነው። ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከአቃቂ ባጃጅ ይዘን፣ የቀረውን በእግራችን ወረድን።

ሐይቅ እንበለው እንጂ ግድብ ነው፤ ትልቁና ትንሹ አቃቂ እዚያ ይገናኙና ወደ አዋሽ ያዘግማሉ። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ1930ዎቹ ተሠርቶ፣ ኋላ ለአሥርተ ዓመታት ቆሞ ኖሯል። በቻይናውያን እገዛ ታድሶ እንደገና የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ «አባ ሳሙኤል ታደሰ» ሲባል ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካስ የታደሰው ተርባይኑ ኖሯል!

ውሃው ግን ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። እምቦጩ አረንጓዴ ምንጣፍ መስሎ ተነጥፎ፣ ሐምራዊ አበባውን አውጥቷል። የአውሮፓን ብርድ የሸሹ ወፎች ከዳር ዳር ይለቅማሉ፤ ስፍራው በዓለም አቀፍ ደረጃ ለወፎች አስፈላጊ ተብለው ከተመዘገቡት አንዱ ነው። ሲቀርቡት ነው ጉዱ። የአዲስ አበባ እጣቢ፣ የፋብሪካው ዝቃጭ፣ ሌላም ሌላም፣ ሁሉም ማረፊያው እዚህ ነው። መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ አደረግሁ።

ወዳጄ ሥራውን ጀምሮ ነበር። አንድ እረኛ ልጅ ከኋላው መጥቶ ቆመና ብዙ ካየ በኋላ በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለው። ወዳጄ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ቶሎ ጠፋ።

«ምን አለህ?» አልሁት።

«‹ያንተኛው አይሸትም› አለኝ።»

ወረቀቱን ገንጥሎ አስቀመጠው። ከቤት የያዝነውን ንጹሕ ውሃ ከቆርቆሮው ደፋና ወደ ዳር ወርዶ የሐይቁን ቀድቶ ተመለሰ።

«እጅህን! ኧረ ተው!» ብል ማን ሰምቶኝ። ቀለሙን በዚያው ውሃ በጥብጦ አዲስ ወረቀት ላይ ያዘ። ሰማያዊው ሰማያዊ ሆኖ አልቀረም፤ ሲደርቅ ደለል የመሰለ ግራጫ ጠርዝ አወጣ። ልጁም ዱላውን ተደግፎ እስከ መጨረሻው አየ።

እኔ በበኩሌ ምንም አልሣልሁም። በዚያው ጧት ከመውጣቴ በፊት የልብስ እጣቢ በግቢያችን ቦይ የለቀቅሁት ራሴ ነኝ። ቦያችን ወንዝ ይገባል፤ ወንዙ የት እንደሚገባ ዐሥር ዓመት ሙሉ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ሲመሻሽ ዕቃችንን ሰበሰብን። ወዳጄ ቆርቆሮውን ይዞ፣ የቆሸሸውን ውሃ የት እንደሚደፋው ሲያማትር ጥቂት ቆመ። ከዚያ መልሶ ሐይቁ ውስጥ ደፋው።