ሞንታልቺኖ፦ ወይን አምስት ዓመት የሚቆይባት የኮረብታ ከተማ

ጣሊያን ደርሶ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሮም፣ ስለ ሚላኖና ስለ ቬኒስ ነው። እኔ ግን ባለፈው መስከረም ሴይና ከተማ ልጄ ዘንድ ሦስት ሳምንት ስሰነብት ልቤን የወሰደችው፣ ከሴይና በስተደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ኮረብታ አናት ላይ የተቀመጠችው ሞንታልቺኖ ናት። የወይን አገር ናት። ልጆቻችሁን ለመጠየቅ ወደዚያ የምትሄዱ እናቶችና አባቶች ሁለት ቀን ብትሰጧት አትቆጩም።

ሰዎቹ «ተራራ ላይ ናት» ሲሏችሁ አትደንግጡ። ሞንታልቺኖ ከባሕር ወለል በላይ 564 ሜትር ላይ ስትሆን፣ እኛ አዲስ አበባ የምንኖረው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ትንፋሽ አያጥርም። የሚያስቸግረው ጉልበት ነው። መንገዶቿ በድንጋይ የተነጠፉ፣ ቀጥ ያሉ ዳገትና ቁልቁለት ናቸው። የጉልበት ሕመም ያለበት ሰው በመኪና ከላይ ምሽጉ አጠገብ ወርዶ፣ ቁልቁል ቀስ እያለ ጎብኝቶ፣ ከታች እንዲወስዱት ቢያደርግ ይሻላል። ጫማችሁ ሶሉ የማያንሸራትት ይሁን። ድንጋዩ ከብዙ ዘመን እግር የተነሣ እንደ ወጭት ልሟል።

ምሽጉ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1361 ነው። በ1555 ሴይና በጠላት ተከብባ፣ ተርባ ስትወድቅ፣ እጅ አንሰጥም ያሉት ቤተሰቦቻቸውን ይዘው ወደዚህች ኮረብታ ወጡ። ከተማቸው ተይዛ እነሱ እዚህ ሆነው ሪፐብሊካችን አልሞተችም እያሉ እስከ 1559 ቆዩ። ዛሬም በሴይናው የፈረስ እሽቅድምድም፣ ፓሊዮ በሚሉት፣ የሞንታልቺኖ ሰዎች ባንዲራቸውን ይዘው በሰልፉ ውስጥ በክብር ይሄዳሉ። የተጠጉበትን ደጅ ሳይረሱ ይህን ያህል ዘመን መቆየታቸው ደስ አሰኝቶኛል።

ከምሽጉ ግንብ ላይ ሆናችሁ ስትመለከቱ ቫል ዶርቻ የተባለው ሸለቆ ከእግራችሁ ሥር ይዘረጋል። የታጨደ የስንዴ ማሳ፣ የወይራ ዛፍ፣ በመንገድ ዳር በሰልፍ የቆመ የፈረንጅ ጥድ፣ በየጉብታው ላይ አንዳንድ የድንጋይ ቤት። ዩኔስኮ በ2004 የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። በስተደቡብ የሚታየው ትልቅ ተራራ አሚያታ ነው፤ 1,738 ሜትር፣ የጠፋ እሳተ ገሞራ። ከሥሩ የባዚቃ ማዕድን ይወጣ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሳራግፈው የኖርኩት ቴርሞሜትር ውስጥ ያለው ያ ብርማ ፈሳሽ ማለት ነው። ማዕድኑ ተዘግቶ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ባዚቃ ሲተን ለሚተነፍሰው ሰው ነርቭ መርዝ ስለሆነ፣ መዘጋቱን ስሰማ አላዘንኩም።

ወደ ወይኑ ልምጣ። ብሩኔሎ ይሉታል። ሳንጆቬዜ ከተባለ ከአንድ ዓይነት የወይን ፍሬ ብቻ ይሠራል፣ ሌላ አይቀላቀልበትም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ ፌሩቾ ቢዮንዲ ሳንቲ የተባለ የአካባቢው ሰው ነው ለዚህ ክብር ያበቃው። ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ፍሬው ከተለቀመ በኋላ ባለው አምስተኛ ዓመት፣ ጃንዋሪ ካልገባ በቀር ገበያ አይወጣም። ከዚያም ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ዓመት በእንጨት በርሜል ያሳልፋል። «ሪዘርቫ» የሚባለው አንድ ዓመት ይጨምራል። መታገሥ ለማይችል ሮሶ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ እሱ በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። ጌሾው ከገባ በኋላ ጠጁን በሳምንታት ውስጥ ለምናቀርብ ለእኛ አምስት ዓመት ብዙ ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ መዋዕለ ሕፃናት እስኪገባ ማለት ነው።

ምሽጉ ውስጥም በየመንገዱም መቅመሻ ቤቶች አሉ። በትልቅ ብርጭቆ ከታች ትንሽ ይቀዳላችኋል። ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም፤ ለዚሁ የተዘጋጀ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ። እኔ ስተፋ ያፈረች ልጄ ብቻ ነበረች። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም መጠን ያለው አልኮል ከጉዳት ነፃ ነው ሊባል አይችልም ብሏልና፣ በተለይ የደም ማቅጠኛ ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ «ለአንድ ቀን ምን አለበት» አትበሉ። ዳቦውን ግን የደም ግፊት ያለባችሁ ትወዱታላችሁ፤ ቶስካናዎች ዳቦ ሲጋግሩ ጨው አይጨምሩም። ከሱ ጋር የሚያቀርቡት የበግ አይብና የደረቀ ሥጋ ግን የዳቦውን ጨው ጭምር የያዘ ነው፤ ተጠንቀቁ።

ልጄ አረጋውያንን በቤታቸው በመንከባከብ ነው የምትተዳደረው። ጣሊያኖች ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ባዳንቴ ይሉታል። በየመንደሩ ልጆች ወደ ትልልቅ ከተማ ሄደው ሽማግሌዎቹ ብቻቸውን ስለቀሩ፣ ከሌላ አገር የመጣች ሴት ክንዳቸውን ይዛ ስታንሸራሽራቸው ማየት የተለመደ ነው። የእኔ ልጅ ስድስት ዓመት የተንከባከበቻቸው እናት ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው። ክረምቱን ሴይና ያሳልፋሉ፤ ወይን በሚለቀምበት በመስከረም ግን ሞንታልቺኖ አባታቸው ወዳወረሷቸው ቤት ይመለሳሉ። እዚያ ነው ያረፍኩት። ዘጠኝ ዓመት የሆነው የልጅ ልጄ እሳቸውን «ኖና» ይላቸዋል፣ አያቴ ማለት ነው። የወይን ዘለላ በመቀስ እንዴት እንደሚቆረጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ስሰማው ጎርበጥ አለኝ።

መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ወጣት ወታደር ቆሟል፤ ከኋላው ገደላማ ተራራ። ከሥሩ በእርሳስ «ኤቲዮፒያ 1936» ይላል። አባታቸው ናቸው። የአባቴ ታላቅ ወንድም በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ወድቋል፤ አያቴ እስክትሞት ድረስ ጋቢውን በሣጥን አስቀምጣ በየዓመቱ ፀሐይ ታስመታው ነበር። ልጄ ይህን ፎቶግራፍ ስድስት ዓመት አቧራውን ስትወለውል፣ በስልክ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ሴትዮዋ ቆሜ እንደማየው ልብ አሉ። የልጅ ልጄ አስተረጎመን። «አባቴ ስለዚያ አገር አውርቶ አያውቅም። ስጠይቀው ተነሥቶ ወደ ወይኑ ይሄድ ነበር» አሉ። እኔም «አጎቴ እዚያው ጦርነት ላይ ቀረ በላቸው» አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና ተረጎመላቸው። ሴትዮዋ ፊታቸው በራ፤ «እዚያ አገባ? ልጆች ወለደ?» ብለው ጠየቁ። የልጅ ልጄ የቤት አማርኛ ነው ያለው፤ «ቀረ» ማለት «እዚያው መኖር ጀመረ» መስሎታል። ልጄ ከማድ ቤት ሰምታ መጣችና በቀስታ አቀናችው።

ዝም አሉ። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ፤ ፒቺ የሚሉትን በእጅ የተድቦለቦለ ወፍራም ፓስታ በራሳቸው እጅ ቀዱልኝ። በማግስቱ ፎቶግራፉ እንደ ተሰቀለ ነበር። ይውረድ አላልኩም፤ አባት ናቸው።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኑንና እኔን አንድ የጎረቤት ሰው በመኪና ይዞን ወጣ። መጀመሪያ ሳንታንቲሞ ገዳም ገባን። ታላቁ ካርል መሠረተው የሚል አፈ ታሪክ አለው፤ አሁን የቆመው ቤተ ክርስቲያን ግን የ12ኛው መቶ ዘመን ሥራ ነው። ከአምዶቹ በአንዱ ራስ ላይ ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ ተቀርጿል፤ የልጅ ልጄ ታሪኩን ነግሬው ስለነበር ያለ ጠቋሚ አወቀው። ፒየንሳንም አለፍንባት፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ሁለተኛ የተወለዱባትን መንደር ከተማ ላድርግ ብለው ያሠሯት ናት። ታምራለች፣ ግን ሰው በዝቶባት ነበር።

ባኞ ቪኞኒ ግን ለእኛ ለእግር በሽተኞች የተሠራ ይመስላል። የመንደሩ አደባባይ መሬት አይደለም፤ የፍል ውኃ ገንዳ ነው፣ ጠዋት ሲተን ያያችሁታል። እዚያ ውስጥ መግባት ክልክል ነው። ውኃው ግን ከመንደሩ ጠርዝ ወጥቶ፣ ዓለት ተፈልፍሎ በተሠሩ የጥንት ወፍጮዎች በኩል ቁልቁል ስለሚወርድ፣ በቦዩ ዳር ተቀምጦ እግር መንከር በነፃ ነው። የሩሲያው ፊልም ሠሪ አንድሬ ታርኮቭስኪ በ1983 የወጣውን፣ የአገር ናፍቆትን የሚመለከተውን ፊልሙን የቀረጸው እዚህ ገንዳ ላይ ነው። እኔን ያስታወሰኝ ፍልውኃን ነው።

እግራችንን ነክረን ሳለ ልጁ «እማማ፣ ቀረ ማለት ሞተ ማለት ነው?» አለኝ። አንዳንዴ እንደዚያ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ሄዶ ያልተመለሰ ማለት ነው አልኩት። «እናቴስ ቀርታለች?» አለ።

እናትህ ትመጣለች አልኩት። መቼ ብሎ አልጠየቀኝም።

ወደ ሴይና ስትመለሱ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ያለውን ሳንታ ማሪያ ዴላ ስካላን ሳታዩ አትመለሱ። ከአውሮፓ ጥንታዊ ሆስፒታሎች አንዱ ነው፤ ከ900 ዓመት በላይ መንገደኛና ሕሙማን አስተናግዷል፣ የተጣሉ ሕፃናትን አሳድጓል። አሁን ሙዚየም ነው። በ1440ዎቹ ግድግዳው ላይ የተሣለውን ቆሜ ብዙ አየሁት። የሽንት ብልቃጥ አንስቶ የሚመረምር ሐኪም አለ። ጭኑ የቆሰለ ሰው ሲታጠብ ይታያል። ሠላሳ ስድስት ዓመት በነርስነት ስሠራ የዋልኩበት ክፍል ይህንኑ ይመስል ነበር፤ አልጋው ሲቀር። የሴይናዋ ቅድስት ካተሪና እዚህ ሕሙማንን ታስታምም እንደነበር ይነገራል። ልጄ «የእኔ ሥራ ታሪክ ነው» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅሁ፤ እጇ ከሳሙና ብዛት እንደኔው ተሰነጣጥቋል።

ለጉዞው ጥቂት ልጨምር። ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የጤና መድን ያስፈልጋል። መድኃኒታችሁን በሻንጣ አትላኩ፤ ከማዘዣው ጋር በእጃችሁ ያዙ። አውሮፕላን ውስጥ በየሰዓቱ ተነሥታችሁ እግራችሁን አፍታቱ። ድንገተኛ ሕመም ሲያጋጥም የአውሮፓ ስልክ 112 ነው። በትንንሾቹ ከተሞች ብዙው ሱቅ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ተኙበት። ምሽቱ በመስከረምም ይበርዳል፤ እኔ ነጠላ ብቻ ይዤ ነበርና ሴትዮዋ የሱፍ ሹራባቸውን ሰጡኝ። ይኸው አሁንም እለብሰዋለሁ።