ቆቦ፦ ውሃው በተራ፣ እማማስ?

ከወልድያ ወደ ሰሜን ጎብዬንና ሮቢትን አልፋችሁ ቆቦ ስትደርሱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሙቀቱ ነው። በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ ከሥራቸው የራያ ሜዳ፣ ሜዳው ላይ ማሽላና ጤፍ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን የጎርፉ ነገር ነው። ራያዎች ክረምት ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ያጠጣሉ። ጎርፍ ደግሞ ብቻውን የሚጠልፈው ጀግና የለም፤ ቦዩ የሚቆፈረው በጋራ፣ ውሃው የሚደርሰው በተራ ነው።

ባረፍኩበት ሠፈር አንዲት እናት አሉ። የልጅ ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ይጠሩታል። ምሳ በልተው ትሪው ሳይነሳ «ዛሬ ጦሜን ልታውሉኝ ነው?» ይላሉ። ሲመሽ «ቤቴ ልሂድ» ብለው ይነሳሉ፤ ያሉት እኮ በገዛ ቤታቸው ነው! ጎረቤቱ «ጃጅተው ነው» ይላል፤ አንዳንዱም «ዛር ነው» ባይ ነው። አስታማሚያቸው አንዲት ልጃቸው ብቻ ነች። «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ በር ስዘጋ፣ ክብሪት ስደብቅ ይነጋል» አለችኝ። ወንድሞቿ አዲስ አበባ ናቸው። ብር ይልካሉ፤ ሲደውሉም «ደህና ናት» ይባላሉ። የእናንተው እኩዮች ናቸው!

ወዳጆቼ፣ ይህ የእርጅና ደንብ አይደለም፤ የመርሳት በሽታ የአንጎል ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም 57 ሚሊዮን ሰው ነበረበት። ፈውስ አልተገኘለትም። ይሁንና የቫይታሚን እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርና ድብርትም መርሳት ያመጣሉ፤ እነሱ ይታከማሉ። ስለዚህ ምርመራ ይቅደም። በቀናት ውስጥ ድንገት የመጣ መቀባዠር ከሆነ ደግሞ ቆላ ነውና ወባም ሊሆን ይችላል፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ቤት!

አገሮች ሕክምናውን፣ ትምህርቱንና የአስታማሚውን ድጋፍ ባንድ እንዲያቀናጁ ድርጅቱ ዕቅድ ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ቆቦ ላይ ክሩ ሞልቷል፦ ቤት ለቤት የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አለች፣ ሆስፒታል አለ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ቅሬም አለ። የጎደለው ክሩን አንድ ላይ የሚገምደው ሰው ነው። ቅሬ ሰው ሲሞት ቀብር ያስፈጽማል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። ለሙት እንዲህ የሚተጋ ማኅበር፣ ለዚያች አስታማሚ በሳምንት አንዲት ሌሊት ተራ ቢገባላት ምን ይለዋል?

እናንተስ? «ደህና ናት?» ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ። «ሌሊት ትተኛለች? ከቤት ወጥታ ትጠፋለች? አንቺስ መቼ ታርፊያለሽ?» ብላችሁ እኅታችሁን ጠይቁ። ለበዓል ስትሄዱ ለሳምንት ተረከቧት። እማማ ሲሳሳቱ አትሟገቷቸው፤ ወሬውን ወደ ሌላ መልሱት። ስልክ ቁጥራችሁን ጽፋችሁ በልብሳቸው ውስጠኛ በኩል ስፉላቸው።

ራያ ላይ ተራውን የዘለለ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል። የእናት ተራ ሲዘለል ግን የሚጣላ የለም፤ የምትደክመው ያችው አንዷ ልጅ ነች።

ቸር ይግጠመን።