የሰባት ቀን ስንቅ

የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ የጊፋታ በዓል ካለፈ በኋላ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የዳሞታን ተራራ ወጣሁ። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቶ ስለ ነበር፣ ከወላይታ ሶዶ ከተማ ወዲያ ርቆ የሚገኘው የአባያ ሐይቅ እንደ ተነጠፈ ቀይ ምንጣፍ ታየን። ከጓደኞቼ አንዱ፣ «በሚመጣው የጥር ዕረፍት ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ሰባት ቀን ብንሰነብትስ?» አለ። ከቤቴ ርቄ አንድም ሌሊት አድሬ ለማላውቀው ለእኔ ነገሩ ሕልም መሰለኝ።

ከተራራው እንደ ወረድን ካርታ ገለጥን። የሐሩር ክልል ደሴት ሲባል እስከዚያን ቀን በአእምሮዬ ይመጣ የነበረው በውቅያኖስ የተከበበ የሩቅ አገር ብቻ ነበር። ነገር ግን አባያ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ6 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ የእኛም ደሴት የሐሩር ደሴት መሆኑን ካርታው አስረዳን። ሐይቁ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ቀይነቱም እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ጠርገው ከሚያመጡት አፈር የተነሣ ነው። ከደሴቶቹ መካከል የመረጥነው ጊዲቾን ነበር። በዚያ የባይሶና የሐሮ ሰዎች ይኖራሉ፤ የባይሶ ቋንቋ ከሶማልኛ ጋር ሲዛመድ፣ የሐሮ ቋንቋ ደግሞ ከኮሬዎች ቋንቋ ጋር ይቀራረባል። በአንዲት ደሴት ሁለት ልዩ ልዩ ቋንቋ የመስማት ተስፋ ጉጉታችንን አበዛው።

ወዲያውም ዕቅዳችንን በወረቀት አሰፈርን። የአውቶቡስና የጀልባ ክፍያ፣ የእያንዳንዱ ቀን ጉብኝት፣ ስንቃችን የሚሆነው በሶ፣ ቆሎና ዳጣ ሁሉ በተራ ተጻፈ። ወረቀቱን በኩራት ይዤ ለአባቴ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው አዳመጡኝና፣ «ስንት ቀን አልህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ሰባት ቀን፣ አባባ።»

«አጎትህም ወደ አባያ ቆላ የወረደው ለሰባት ቀን ነበር» አሉ። ከዚያ በፊት ስለዚህ አጎቴ አሟሟት ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። አጎቴ በቆሎ ሊሰበስብ ወርዶ በሰላም ተመልሷል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ትኩሳት ያዘው። ቤተ ሰቡም ብርድ መትቶታል ብለው በቤት አስተኙት። ወባ መሆኑ የታወቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። አባቴም፣ «ወረቀትህ የምትበላውንና የምታየውን ይናገራል፤ እንዴት እንደምትመለስ ግን አይናገርም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝና ተነሥተው ወጡ።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ቆይቼ ግን አባቴ የከለከሉኝ ነገር አለመኖሩን ተረዳሁ። የጠየቁኝ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ሦስታችንም ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሶዶ ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ ሐይቁ ከ1,300 ሜትር በታች ነው፤ ስለዚህ ደጋ ያደገ ሰው ወደዚያ ሲወርድ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የጤና ባለሙያዋ የወባ ትንኝ በአብዛኛው የምትናደፈው በሌሊት መሆኑን፣ በሽታውም ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 ቀን ቆይቶ እንደሚገለጥ አስረዱን። «ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ቢሰማችሁ በዚያው ዕለት መጥታችሁ ደም ስጡ» ሲሉም አስጠነቀቁን። ቀጥሎም የሐይቁን ጠባይ የሚያውቅ አንድ ዓሣ ነጋዴ ፈልገን አገኘን። እርሱም ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ማለዳ እንድንሻገር፣ አዞና ጉማሬ ስላለም ከውኃው ዳር እንድንርቅ መከረን። ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረን ግን የመጨረሻው ጥያቄው ነበር፦ «ለመሆኑ እዚያ የሚቀበላችሁ ማን ነው?» በወረቀታችን ላይ ደሴቲቱ እንጂ ሰዎቿ አልነበሩም። በእርሱ በኩል ለሽማግሌዎቹ መልእክት ልከን ፈቃዳቸውን ጠየቅን፤ መልካም ምላሽም መጣልን።

አዲሱን ዕቅድ ለአባቴ ሳነብ፣ የአጎበሩ ዋጋ ከጉብኝቱ በፊት ተጽፎ ነበር። የጉዞው ፍጻሜም ከጀልባ የምንወርድበት ቀን አልነበረም፤ ከተመለስን በኋላ ያሉትን አራት ሳምንታት ጨምረን ነበር። አባቴም ወረቀቱን ተቀብለው ለብቻቸው ደግመው አነበቡት። ከዚያም ከኪሳቸው የአጎበሩን ዋጋ አውጥተው በእጄ ላይ አኖሩና፣ «ያን ጊዜ ይህን የጻፈልን ሰው ቢኖር ኖሮ» አሉ።

ጥር ደርሶ በጉዞው ዋዜማ እናቴ በሶውን ስትቋጥር፣ አጎበሩን አጥፎ ከስንቁ በላይ ያስቀመጠው የአባቴ እጅ ነበር።