ደንገሉን ጨርሰን እምቦጭ ስንነቅል

እኔን የሚያንገበግበኝ የእምቦጭ መምጣት አይደለም። ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ስንቱን የዓለም ሐይቅ ያዳረሰ አረም ነው፤ እኛም አገር ቆቃና አዋሽ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ጣና ላይ መስፋፋቱ በይፋ የተነገረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ዳርቻውን ይጠብቅ የነበረውን ደንገል በገዛ እጃችን መጨረሳችን ነው የሚያንገበግበኝ።

የጣና ዳሩን የፎገራን ሜዳ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት በገባ ቁጥር የርብና የጉማራ ወንዞች የጉናን ተራራ አፈር ተሸክመው ሜዳውን ያለብሱታል። ያ ድፍርስ ውኃ በቀጥታ ሐይቁ ውስጥ አይገባም ነበር። ወላላና ሸሸር ረግረግ ላይ፣ ደንገልና ቄጠማ መሐል ይተኛና ይጠልላል። እርሳስና ካድሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶች ከደለሉ ቅንጣት ጋር ተጣብቀው ስለሚጓዙ ደለሉ ሲዘቅጥ አብረው ይዘቅጣሉ። ውኃው ውስጥ ሟምቶ የቀረውን ደግሞ የደንገሉ ሥር ይስበዋል። አብዛኛው ብረት ሥሩና ጭቃው ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ግንዱ እምብዛም አይወጣም። የሐይቁ ዳር ነገደ ወይጦዎች ግንዱን አጭደው ታንኳ ሲሠሩ ሥሩ እዚያው ሥራውን ይቀጥላል። ሲሚንቶ የለ፣ መብራት የለ፣ ደመወዝ የለ።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1996 የጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ሐይቁ በጣም ወረደ፤ ደንገሉ ደረቀ፤ የተጋለጠውን መሬት ውኃ ሸሽ እርሻ ተከተለው። ሩዙ፣ የሽንኩርቱ ማሳ፣ የውኃ ፓምፑ እያደር ረግረጉን በላው። ሩዝን አልወቅስም፤ የፎገራዋን ከተማ ወረታን ወረታ ያደረገ፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምር ማዕከል ያስተከለ ሰብል ነው። ግን በማሳውና በሐይቁ መካከል አንድ ሰቅ ደንገል ብንተው ምን ይጎድልብን ነበር? የፎስፌት ማዳበሪያ እንኳ ጥቂት ካድሚየም አያጣም። የሞጆ ወንዝ የቆዳ ፋብሪካ ክሮሚየም ይዞ ቆቃ እንደሚገባ እያየን እንኳ አልተማርንም። የካምፓላን ፍሳሽ የሚያጣራው የናኪቩቦ የደንገል ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1999 በገንዘብ ሲተመን፣ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ አገልግሎት ሆኖ ተገኘ። የካምፓላ ሰዎችም ቢሆኑ አልጠበቁትም፤ ቢያንስ የሚያጡትን ያውቁ ነበር።

በዚህ ላይ ሁለተኛውን ዕድልም አበላሸነው። እምቦጭ ራሱ ብረት ይስባል። የናሳው ቢ.ሲ. ዎልቨርተን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሚሲሲፒ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም ከውኃ እንደሚያወጣ አሳይቷል። ሥሩ ውኃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚኖር ከነሥሩ መምዘዝ ይቻላል፤ ደንገል ይህ ጥቅም የለውም። ግን ጥቅሙ ተነቅሎ ርቆ ሲወሰድ ብቻ ነው። እኛ ምን አደረግን? ገበሬው ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ ነቀለ፤ አገሬው ገንዘብ አዋጣ፤ ማሽን መጣ። የተነቀለው ግን በየቦታው እዚያው ዳርቻ ላይ ተከመረ። ሲበሰብስ የመጠጠውን ለሐይቁ መለሰለት፤ ጎርፉም የቀረውን ጠረገው። ንጹሑ ለኮምፖስት፣ የተበከለው ለብቻው ተብሎ መለየት የነበረበት ክምር እኮ ነው! ያን ሁሉ ጉልበት!

አሁን ደንገል ይተከል ይባላል። ይተከል። ነገር ግን ያኔ ማንም የኔ ያላለው ረግረግ ዛሬ ባለይዞታ አለው፤ ክረምት ሩዝ፣ በጋ ሽንኩርት ይዘራበታል። አንድ ባለሙያ ከወረታ ወርዶ «ከዳርቻው ያለውን ማሳህን ተውና ደንገል ትከልበት» ቢለው፣ ገበሬው «ልጆቼን ደንገል ላብላቸው?» ይለዋል። ያኔ በነጻ የነበረን ነገር ዛሬ በካሳ መግዛት አለብን፤ ካሳውን ማን እንደሚከፍል ደግሞ እስካሁን የተናገረ የለም።