እትዬ ልክ ነበሩ

ሁለት እህትማማቾች ነን፤ ናይሮቢ፣ ኢስሊ ውስጥ የጌም ዕቃ እንሸጣለን። አስቸጋሪ ደንበኛ አይጠፋም። አንዱ ተጫውቶ የጠገበውን ሲዲ «አይሠራም» ብሎ ይመልሳል፤ ሌላው የፒኤስ 5 ሲዲ ወስዶ ፒኤስ 4 አላነብም ሲለው ይጮህብናል። እንዲህ ያለውን አስረድተን እንሸኛለን።

አንድ ቀን ግን አንዲት እናት የሸጥንላቸውን ፒኤስ 5 ከነካርቶኑ ይዘው ከሞያሌ ተመለሱ። መንገዱ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። «ሲዲው በየት በኩል ነው የሚገባው? ሌቦች!» አሉን፣ ሱቁ ሰው እንደሞላ። ደማችን ፈላ። «ካርቶኑ ላይ ዲጂታል ይላል፤ ርካሹን የመረጡት እርስዎ ነዎት» ልንል አፋችን ላይ ደርሶ ነበር።

«እትዬ፣ እስቲ አረፍ ይበሉ» ብለን ሻይ አስመጣን። ሲረጋጉ ነገሩ ገባን። ለልጃቸው ነው የገዙት፤ ቤታቸው ዋይፋይ የለም። ዲጂታሉ ደግሞ ሲዲ ማስገቢያ ስለሌለው ጌሙ ሁሉ በኢንተርኔት ነው የሚወርደው። ይህን እኛ እናውቃለን፣ እሳቸው አያውቁም። ገንዘቡን ስንቆጥር አልነገርናቸውም።

ሲዲ በሚያስገባው ቀየርንላቸው፤ የዋጋውን ልዩነት ግማሹን እኛ ቻልነው። ትርፋችን እዚያው ቀረ። ኮሜርስ ስንማር «ደንበኛ ንጉሥ ነው» ብለን ሸምድደናል፤ ንጉሡ ግን የሚገዛውን ካላወቀ መቆጣቱ አይቀርም።

አሁን ገንዘብ ከመቀበላችን በፊት «ዕቃው ወዴት ይሄዳል? ኢንተርኔት አለ? ቤት ያለው ሲዲ የየትኛው ነው?» እንላለን። ዕቃችሁ ድንበር የሚሻገር ከሆነ እናንተም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ለመመለስ ሩቅ ነው።