የአባታችን ቤት ደብተር

አባታችን ወደ አኼራ የሄዱት በ1998 ዓ.ም. ነው፤ አላህ ይማራቸው። ሩዋንዳ ሰፈር፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ አንድ ቤትና ከጓሮው በመደዳ የተሠሩ 5 የሚከራዩ ክፍሎች ትተውልናል። እኛም አምስት ነን። ታላቃችን 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር፤ ታናሻችን ገና 5 ዓመቷ ነበር። እናታችን ዒዳ ላይ ስለነበሩ፣ ከቤት የሚያስወጣውን ጉዳይ ሁሉ የአባታችን ወንድም ያዙት። ኪራይ የሚሰበስቡት፣ የመብራትና የውሃ የሚከፍሉት፣ ቀበሌ የሚመላለሱት እርሳቸው ሆኑ። ማንም አልሾማቸውም፤ የተጻፈ ወረቀትም አልነበረም። ለቅሶ ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች «አንተ አለህላቸው» አሏቸው፤ እርሳቸውም «አለሁ» አሉ። በዚህችው አንዲት ቃል 11 ዓመት ተኖረ።

እውነቱን ለመናገር አጎታችን አልጣሉንም። በየወሩ መጀመሪያ ለእናታችን ገንዘብ በፖስታ አድርገው ያመጣሉ፤ ለዒድ በግ ይነዳሉ፤ ሲታመሙብን ሌሊት የሚደርሱት እርሳቸው ናቸው። ነገር ግን የፖስታው ገንዘብ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ያው ነበር። አንድ ቀን ተከራያችን ልብስ እያሰጣች «ዘንድሮም ጨመሩብን እኮ» ብላ ስታማርር ሰማን። በአባታችን ጊዜ 350 ብር ይከራይ የነበረው ክፍል 2000 ብር መግባቱን ያወቅነው ከእርሷ ነው። የገዛ ቤታችንን ዋጋ ከተከራይ መስማት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

በ2009 ዓ.ም. ጠየቅን። አጠያየቃችንም የሚያስመሰግን አልነበረም። ጊዜው የዒድ ምሳ ነበር፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቷል። ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ የኪራዩ ሂሳብ የት ነው ያለው?» አለ። አጎታችን የጎረሱትን እንኳን በቅጡ ሳይውጡ «ሌባ ነህ በሉኛ! የወንድሜን ልጆች አሳድጌ ይኼ ነው ወሮታዬ!» ብለው ተነሡ። እናታችን ደጅ ድረስ ተከትለው «ወንድሜ፣ ልጆች ናቸው፣ አውፍ በላቸው» እያሉ ለመኑ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለወራት እግራቸው ከቤታችን ቀረ። እናታችን «ዝምድና አስቆረጣችሁኝ» ብለው አለቀሱ። እኛም ሲለተ ረሒምን የቆረጥን መስሎን ፈራን፤ ደግሞም መብታችንን የጠየቅን መሰለን። ሁለቱ ስሜቶች በአንድ ልብ ሲቀመጡ እንቅልፍ ይነሣሉ።

በእነዚያ ወራት ነበር ማንበብና ማወቅ የጀመርነው። በመጀመሪያ ያስደነገጠን፣ አጎት በአጎትነቱ ብቻ በየቲም ገንዘብ ላይ ሥልጣን እንደሌለው መረዳታችን ነው። በሸሪዓው አባት በኑዛዜ አደራ ያልሰጠው ወይም ቃዲ ያልሾመው አጎት የልጆቹን ንብረት የማስተዳደር መብት የለውም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ከወላጆች አንዱ ሲሞት በሕይወት ያለው ወላጅ ብቻውን የልጆቹ አሳዳሪና ሞግዚት ነው ይላል። ስለዚህ 11 ዓመት ሙሉ ፖስታ በሁለት እጃቸው ሲቀበሉ የኖሩት እናታችን፣ በሕግ ፊት ሂሳቡን ጠያቂ እንጂ ተመጽዋች አልነበሩም። ይህን ስንነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «ታዲያ ያን ጊዜ ማን ነገረኝ?» አሉ።

በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አያ ላይ የየቲሞች ገንዘብ አያያዝ ተዘርዝሯል። ለአካለ መጠን ሲደርሱና ማስተዋላቸው ሲታይ ገንዘባቸው እንዲሰጣቸው፣ ያደጉ እንደሆነ ይወስዱብናል ብሎ በጥድፊያ መብላት እንዳይደረግ፣ ሀብታም የሆነ አስተዳዳሪ እንዲታቀብ፣ ድሃ የሆነ ግን በአግባቡ እንዲጠቀም ታዟል። መጨረሻው ላይ ያለውን ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፈዋለን፤ ገንዘቡ ሲመለስ ምስክር ይቁም ነው የሚለው። ምስክሩ ምን ያህል እንደነበረና ምን ያህል እንደተመለሰ የሚያይ እንጂ ፖስታ ሲቀባበሉ የሚመለከት ብቻ አይደለም።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸይበር ያገኙትን መሬት ወቅፍ ባደረጉ ጊዜ፣ እንዳይሸጥ፣ እንዳይሰጥ፣ እንዳይወረስ፣ ገቢውም ለድሆች፣ ለዘመዶች፣ ለመንገደኛና ለእንግዳ እንዲሆን ደንግገዋል። የሚያስተዳድረው ሰው በአግባቡ ቢበላ ነውር እንደሌለበትም አክለዋል። ሁሉም በጽሑፍ ሰፍሯል፤ ከእርሳቸው በኋላ ልጃቸው ሐፍሳ (ረ.ዐ) እንድታስተዳድር ተጽፏል። ዑመርን የሚጠራጠር ኖሮ ነው የተጻፈው? ይህን ጥያቄ ለአጎታችን ልናነሳላቸው ብዙ ጊዜ ፈልገን ነበር፤ አፋችን አልታዘዘልንም።

ሕጉንም ጠየቅን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ንብረትን ለሌላ ሰው ጥቅም በአደራ ስለማስተዳደር ይናገራል፤ ንብረቱ ከአስተዳዳሪው የግል ሀብት ተለይቶ ለብቻው የቆመ ነው። ሆኖም እንዲህ ያለው አደራ በስጦታ ወይም በኑዛዜ የሚቋቋም ሲሆን፣ የእኛው ለቅሶ ቤት የተነገረ ቃል ነው። ለእኛ የሚቀርበው የውርስ አጣሪ ደንብ ነበር፤ አጣሪ የሟቹን ንብረት ይለያል፣ ዕዳ ይከፍላል፣ ለሠራውም ሥራ ሂሳብ ያቀርባል። በአንቀጽ 1000 ደግሞ፣ ወራሽነቱንም ሆነ ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን እያወቀ 3 ዓመት ዝም ያለ ሰው የወራሽነት ክሱ በይርጋ ሊታገድበት እንደሚችል አነበብን። «ለዝምድናው ሲባል» ብለን የምናቆየው ዝምታ በሕግ ዘንድ እንደሚቆጠር ያን ጊዜ ገባን።

የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሄደን ጠይቀናል። በ1936 ዓ.ም. የናኢባና የቃዲ ምክር ቤቶች ሲታወቁ ጀምሮ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ የእነርሱ ጉዳይ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 188 ፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን በ3 እርከን አደራጅቷቸዋል። ነገር ግን ተከራካሪዎቹ በዚያ ለመዳኘት ፈቃዳቸውን በግልጽ መስጠት አለባቸው። አንደኛው ቀርቦ «አልፈልግም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መጥሪያ ደርሶት ሳይቀርብ ከቀረ ግን እንደፈቀደ ተቆጥሮ በሌለበት ይታያል። ሁለቱም በር ክፍት ነበር። በየትኛውም ብንገባ ግን እናታችን ከእኛ ጋር እንደማይገቡ እናውቅ ነበር።

በመጨረሻ በ2010 ዓ.ም. የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሁለታችንንም አስቀመጡን። ክስ አላሰሙም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኢብኑል ሉትቢያ የተባለውን ዘካ ሰብሳቢ ከሥራው ሲመለስ ሂሳብ እንደተቀበሉት አወሱና ወደ አጎታችን ዞሩ።

«ልጆቹ ሌባ ብለውሃል?»

«አላሉኝም። የት ነው አሉ እንጂ።»

«እንግዲያ የት እንደሆነ ንገራቸው። ወረቀት የለህም?»

በሳምንቱ አጎታችን በፌስታል የታጨቀ ወረቀት ይዘው መጡ። የመብራትና የውሃ ደረሰኝ፣ የግብር ወረቀት፣ ቆርቆሮ የተገዛበት፣ ግንበኛው የፈረመበት፣ የታላቃችን የትምህርት ቤት ክፍያ። ሦስት ምሽት ሙሉ ለየን፣ ደመርን። የወጣው ከገመትነው ይበልጥ ነበር። ጣሪያው ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ ነው የምናስታውሰው። ከዚሁ ጋር፣ አጎታችን ለገዛ ሱቃቸው ከኪራዩ ተበድረው ገሚሱን ብቻ መመለሳቸው ታየ። ራሳቸው ናቸው ያሳዩን። የመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ግን ምንም ወረቀት የላቸውም። «ያኔ መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አላሰብኩም፤ የወንድሜ ቤት ነው» አሉ። አመናቸው ወይስ አላመናቸው? አሁንም ስንጨዋወት ሁለት ወገን ነን።

እናታችን «አውፍ በሉና ይለቅ» አሉ። አራታችን አውፍ አልን። የታናሻችንን ድርሻ ግን ይቅር ማለት የእኛ አልነበረም፤ የየቲምን ገንዘብ ወንድምም እናትም ሊለግስላት አይችልም። ኢማሙም ይህንኑ አጸኑልን። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ገቢና ወጪ በደብተር እየተጻፈ፣ የእርሷ ድርሻ በስሟ ባንክ ተቀመጠ።

በ2011 ዓ.ም. 18 ዓመት ሞላት። አጎታችን በተገኙበት ደብተሩን ጠየቀች። ከፊት ለፊት ያሉት ገጾች ባዶ ነበሩ፤ ምናልባት የጠፋው ወረቀት ቢገኝ ብለን የተውናቸው ናቸው። ገልጣ ገልጣ አየቻቸው።

«የእኔንም አውፍ ብያለሁ ጋሼ» አለች። ቀጥላም ብዕር ጠየቀችና በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከ1998 እስከ 2002 ዓ.ም. ያለው ሂሳብ አልተገኘም ብላ ጽፋ፣ ቀኑን አስፍራ ፈረመች። እናታችን ፊታቸውን አዞሩ።

አጎታችን መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያም ብዕሩን ከእጇ ተቀብለው ከሥሯ ፈረሙ።